የድንጋይ ደወልና የገደል ማሚቶ፦ ስለ ድምፅ ተከላ ጥበብ ከስሜን ደጋ

ሙዚቃ ይጀመራል፣ ያልቃል። የተተከለ ድምፅ ግን ከስፍራው አይነሣም፤ አድማጩ መጥቶ ይገባበታል፣ ሲበቃው ይወጣል። አሜሪካዊው ማክስ ኒውሀውስ እ.ኤ.አ. በ1977 በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ ከፍርግርግ ብረት ሥር ያኖረው ድምፅ ለዘርፉ ፈር ቀዳጅ ሆኖ ይጠቀሳል። በክሮኤሺያዋ ዛዳር ከተማ አርክቴክቱ ኒኮላ ባሺች በ2005 በባሕር ዳር ደረጃ ሥር 35 ቧንቧዎች ቀብሮ ማዕበሉ አየር እየገፋ እንዲነፋቸው አድርጓል። ጥበቡ ወደ እኛም መጥቷል፤ ናይጄሪያዊው ኤሜካ ኦግቦ የአፍሪካ መሪዎችን ንግግሮች በአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደኅንነት ሕንፃ ውስጥ በድምፅ ተከላ አሰምቷል።

የዚህ መጣጥፍ ክርክር አጭር ነው። በጎንደርና በስሜን ደጋ ድምፅን ከቦታው ጋር አስማምቶ የመትከል ዕውቀት ድምፅ ማጉያ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነበረ። ማስረጃውም የድንጋይ ደወል ነው።

በጣና ገዳማትም ሆነ በደጋው አጥቢያዎች የሚታየው የድንጋይ ደወል ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በጠፍር ወይም በገመድ ታስሮ ከእንጨት አግዳሚ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ መጠናቸው ስለሚለያይ ድምፃቸውም ይለያያል። መምቻው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ድንጋይ ነው። ያው ድንጋይ መሬት ላይ ተጋድሞ ቢመታ ድምፁ እዚያው ይሞታል፤ ሲንጠለጠል ግን ንዝረቱን የሚውጥበት ስለሌለ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውፍረቱ ሳይለወጥ ቁመቱ እጥፍ ቢሆን በሴኮንድ የሚነዝርበት ቁጥር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ በአንጻሩ ውፍረቱ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ድምፁ ስለሚታፈን እሱን ለመለየት አንዴ መታ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ምርጫው የጆሮ ሥራ ነው፤ ይህንን ጆሮ ደግሞ እንደ ሙያ ልናከብረው ይገባል።

የአገሩም አለት ረድቷል። ስሜን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ፣ እርከን በእርከን በተደራረበ የእሳተ ገሞራ አለት የተሠራ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ፎኖላይት የሚባለው በስሱ ተሰንጥቆ ሲመታ እንደ ብረት ያቃጭላል።

ስለ ቦታው ለማሰብ መካነ ብርሃን ጥሩ መነሻ ትሆናለች። የጃናሞራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በ1847 ዓ.ም. የነገሡበት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። አገሩ ገደልና ሸለቆ ነው። 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 337 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 500 ሜትር ርቆ ከቆመ ገደል ፊት ለፊት የተመታ ደወል 3 ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ገደሎቹ ብዙ ሲሆኑ ማሚቶው አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዲት ምት ብዙ ትሆናለች። ሰዓቱም ድርሻ አለው። ጎሕ ሲቀድ ቀዝቃዛው አየር በሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ከበላዩ ሞቅ ያለ አየር ይኖራል፤ ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ጎብጦ ወደ ምድር ይመለሳል። የኪዳን ደወል ርቆ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲግል ነገሩ ይገለበጣል።

ደወሉ ብቻውን አይደለም። በገደሉ አፋፍ የሚውለው ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያሰማው ድምፅ በሴኮንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ይህም ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ ተመራማሪው ቶር በርግማን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትሟል። የቁራው ጩኸት፣ በጓሳው ላይ የሚያፏጨው ነፋስና በክረምት ከገደል የሚወረወረው ውኃም አሉ። የድምፅ ሠሪ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት እነዚህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ መዝገብ ላይ ቆይቷል፤ በእነዚያ ዓመታት ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ፓርኩን አቋርጦ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፈው መንገድ ነበር። የመንገድ ጉዳይ የድምፅም ጉዳይ ነው፤ ወፍራም የሞተር ድምፅ በአየር ቶሎ ስለማይከስም ሩቅ ይሰማል። በአጥቢያዎችም ድምፅ ማጉያው እየተስፋፋ፣ የብረት ደወልም ድንጋዩን እየተካ ነው። ምእመናን ጸሎቱን በቅርብ መስማት መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ከተሰቀለበት በወረደ ቁጥር የአሰቃቀሉና የአመራረጡ ዕውቀት አብሮ ይወርዳል።

ስለዚህ በዚህ አገር የድምፅ ተከላ ልሥራ የሚል አርቲስት ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ወደ ፓርኩ መግባት የለበትም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለጸሎት ጥሪ የተሰጠ ነውና ለትርዒት አይወሰድ። የአካባቢው ድንጋይ ጠራቢዎች በሚያወጡት አዲስ ድንጋይ፣ ከፓርኩ ውጭ፣ ከገደል ፊት ለፊት፣ ርቀቱ ተለክቶ ቢሠራ ማሚቶው ሌላውን ይጨርሰዋል።

ከዚያ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ፣ የሥነ ምድርና የባህል ጥናት መምህራን ከአድባራቱ አለቆች ጋር ተነጋግረው የእያንዳንዱን ድንጋይ ቁመት፣ ውፍረት፣ አሰቃቀልና የንጋት ድምፅ ይመዝግቡ። ሜትር፣ መቅረጫና የአለቃው ፈቃድ ይበቃል፤ ዘንድሮ ይጀመር።