ባንድ ሶው ለቤተሰብ ከመግዛትሽ በፊት፦ ደማምና ኮባር ላሉ እህቶች

«እህቴ፣ አንድ ባንድ ሶው ብትልኪልኝ የራሴን የእንጨት ሥራ እከፍታለሁ።» እንዲህ ያለ መልእክት ከወንድም፣ ከባል ወይም ከልጅ የደረሳቸው እህቶች ጥቂት አይደሉም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በየወሩ ለቀለብ የሚላከው ብር ያልቃል፤ በአግባቡ የተመረጠ ማሽን ግን እንጀራ ይሆናል። በጥድፊያ ከተገዛ ደግሞ የዓመት ላብሽ ጥግ ላይ ቆሞ ይዝጋል፣ ወይም የሰው ጣት ይወስዳል። ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ፦ ደማም ላይ በደንብ የሚሠራ ማሽን አገር ቤት ሲገባ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ባንድ ሶው ምንድነው?

ሥጋ ቤት ገብተሽ በረዶ የሆነ ሥጋ ከነአጥንቱ የሚሰነጥቅ ማሽን አይተሽ ይሆናል። የእንጨቱም አሠራሩ ያው ነው። ከላይና ከታች ሁለት ጎማ አለው፤ ቀጭን ጥርሳም ምላጭ እንደ ቺንጊያ በሁለቱ ላይ ይዞራል፤ እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ እየተገፋ ይቆረጣል። ሰርኩላር ቀጥ ያለ መስመር ሲቆርጥ፣ ባንድ ሶው የወንበር እግርና የአልጋ ራስጌ ጠመዝማዛ ቅርጽ ያወጣል፤ ወፍራም ሳንቃም ለሁለት ይሰነጥቃል። በዐረብኛ «ሚንሻር ሸሪጥ» ብለሽ ጠይቂ፤ ለእንጨት መሆኑንም ንገሪያቸው። የሥጋውን ማሽን ለእንጨት እንዳትገዢ፤ ምላጩም ጠረጴዛውም ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው።

መጀመሪያ ደውዪና ጠይቂ

1. ምን እንጨት ነው የምትሠራው? ዋንዛ፣ ጽድ፣ ባሕር ዛፍ ወይስ ኤምዲኤፍ? ውፍረቱስ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?
2. ቤቱ ያለው መብራት ሲንግል ፌዝ ነው ወይስ ስሪ ፌዝ?
3. ማሽኑ የሚቆመው የት ነው? ወለሉ ደልዳላ ነው? ልጆች ይገባሉ?
4. ከዚህ በፊት ባንድ ሶው ላይ ሠርተህ ታውቃለህ?

ለአራተኛው መልሱ «አላውቅም» ከሆነ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ወራት ሰው ቤት ይልመድ። ይህ ንፉግነት አይደለም።

የመብራት ጉዳይ

ሳውዲ መብራቱ 60 ሄርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ ግን 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር አገር ቤት ሲገባ ፍጥነቱ በስድስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ከፍ ያለ ሥራ ሲሰጡት ደግሞ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሳህን አንብቢ። «220–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል ከሆነ ለሁለቱም አገር ይሆናል። «60 ሄርዝ» ብቻ ከሆነ ተዪው። በሳውዲ አንዳንድ የቆዩ ቤቶች 110 ወይም 127 ቮልት መብራት ስላለ፣ ለዚያ የተሠራ ማሽንም ገበያ ላይ ይገኛል፤ እሱን አገር ቤት በቀጥታ ቢሰኩት ወዲያው ይቃጠላል።

ስሪ ፌዝ ማሽን ጉልበታም ነው፣ ግን ቤታችን ያለው መብራት አብዛኛውን ጊዜ ሲንግል ፌዝ ነው። ስሪ ፌዝ ለማስገባት ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቶ መጠበቅ፣ ተጨማሪ ወጪም መክፈል ያስፈልጋል። ያ ሳያልቅ ስሪ ፌዝ ማሽን አትግዢ።

የትኛው መጠን?

«14 ኢንች» ሲባል የጎማው ስፋት ማለት ነው። ከ8 እስከ 10 ኢንች ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ነው፤ ለቀጭን እንጨትና ለጌጣጌጥ እንጂ ለአልጋና ለበር አይበቃም። ለአነስተኛ የቤት ዕቃ ሥራ 14 ኢንች፣ ከ1 እስከ 1.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ይቆርጣል። ወፍራም ግንድ መሰንጠቅ ከሆነ ሥራው 16 ወይም 18 ኢንች ይፈልጋል።

የምላጩን ርዝመት ጻፊና ለወንድምሽ ላኪለት፤ በዚያ ልክ ምላጭ በአቅራቢያው ማግኘቱን ያረጋግጥ። ምላጭ አላቂ ነው፤ ከሌለ ማሽኑ ብረት ብቻ ነው። ለጠመዝማዛ ቅርጽ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ጠባብ ምላጭ፣ ለቀጥታና ለመሰንጠቅ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሰፊ ምላጭ ይሻላል።

ማብሪያውንም አትርሺ። አገር ቤት መብራት ይጠፋል፣ ሳይታሰብም ይመለሳል። መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሳ፣ እንደገና ሲጫኑት ብቻ የሚነሳ ማብሪያ ያለውን ምረጪ።

ደማምና ኮባር ላይ ስትገዢ

ኮባር ውስጥ ሱቅባ አካባቢና የደማም ሰናዒያ የጋራዥና የመሣሪያ ሰፈሮች ናቸው፤ ሳኮን የመሰሉ ትልልቅ መደብሮችም የእንጨት መሣሪያ ይሸጣሉ። አርብ ጠዋት ብዙ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ከዐስር በኋላ ውጪ፤ ብቻሽን አትሂጂ።

ያገለገለ («ሙስተዕመል») ከሆነ ሳይሰካ ጎማውን በእጅ ያዙሩልሽ፤ መወላገድ የለበትም። በጎማው ላይ የለበሰው ላስቲክ መሰንጠቅ የለበትም። ሲነሳ ኩሽኔታው የሚያፏጭ ወይም የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ ተዪው። ፊትሽ እንጨት ያስቆርጪ። «ፋቱራ» በስምሽ፣ አዲስ ከሆነም «ደማን» በጽሑፍ ተቀበዪ።

ከመክፈልሽ በፊት ግን ሒሳብ ሥሪ። 14 ኢንች ማሽን ከነእግሩ ከ80 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል በሻንጣ አይሄድም። የካርጎውን ዋጋና የጉምሩክ ቀረጡን ደምሪበት፤ ወንድምሽም መርካቶ ወይም ደሴና ኮምቦልቻ ዋጋ ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን በባንክ ልኮ እዚያው መግዛት ይሻላል፤ ቢበላሽ መላሽም ጠጋኝም አለው። «እኔ አደርስልሻለሁ» ለሚል ሰው ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አትስጪ።

ይህን ክፍል ለሚሠራበት ሰው ላኪለት

• ጓንት አያድርግ፤ ሰፊ እጅጌ፣ ሻርፕ፣ ቀለበትና አምባር ያውልቅ። ምላጩ ጨርቁን ይዞ እጅን ይጎትታል።
• መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። የእንጨት ብናኝ ለረጅም ጊዜ ከተሳበ የአፍንጫ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሰጋቱራውን በየቀኑ ይጥረግ፤ እሳትም ይስባል።
• የምላጩ መከለያ ከእንጨቱ በላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል።
• እጅ ከምላጩ ፊት ለፊት አይሁን። መጨረሻ ላይ በእጅ ሳይሆን በእንጨት ዘንግ ይግፋ።
• ክብ እንጨት ሳይታሰር አይቆረጥ፤ ይሽከረከርና እጅን ይዞ ይገባል።
• ከአሮጌ እንጨት ላይ ሚስማሩ ይነቀል።
• ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ምላጩ ጥቂት ይዞራል። ምላጭ ቢበጠስ አጥፍቶ ይራቅ፤ ጎማው ሳይቆም በሩን አይክፈት።
• ምላጭ ሲቀየር መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ።

ጣት ከተቆረጠ

ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጁን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ። የተቆረጠውን ጣት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ማሰር፤ ፌስታሉን በረዶ ላይ ማስቀመጥ፤ ጣቱ ግን በረዶውን በቀጥታ አይንካ። ወዲያው ሆስፒታል መሄድ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

በመጨረሻ፣ ያለሽን ሁሉ ማሽኑ ላይ አታውጪ። ለመነጽር፣ ለትርፍ ምላጭ፣ ለጥሩ የመብራት ዝርጋታ የሚሆን አስቀሪ። ማሽን ተሰብሮ ይጠገናል፤ የወንድምሽ እጅ ግን አይተካም።