የአዱሊስ ነፋስ

እኛ ደገኞች ነፋስን የተማርነው ከአውድማ ነው። በሬዎቹ አበራይተው ሲጨርሱ ገበሬው መንሹን አንሥቶ ነፋስ እስኪነሣ ይጠብቃል። ሲነሣለትም አይጋፋውም፤ አይሸሸውምም፤ የሚቆምበትን ቦታ ይመርጣል እንጂ። ቦታውን አውቆ ከቆመ ገለባው ወዲያ፣ ፍሬው ወዲህ ይሆንለታል። ከተሳሳተ ግን እብቁን በዓይኑ ይቀበላል።

ስለ ባሕር ያለን ትምህርት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ «ባሕር» የሚለው ቃል በየዕለቱ የሚነሣው ከዛፍ ስም ጋር ተጣብቆ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ኮረብታውን ከወረሰው ከባሕር ዛፍ ጋር። ከወጨጫ በኩል ነፋስ ሲመጣ የዛፎቹ ድምፅ ማዕበልን ይመስላል እላለሁ፤ ማዕበል ሰምቼ ስለማላውቅ ግን ምስክርነቴ አይጸናም።

ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም ምን እንደሆነ ግን በክረምት ሽቅብ የሚወጣ የሰፈሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጃንጥላውን ቀጥ አድርጎ የያዘ ይገለበጥበታል፤ ጥቂት ዘንበል ያደረገው መንገዱን ይቀጥላል። የዚህች ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ እንዴት ወደ ፊት ይኬዳል? የመርከበኞች ጥያቄ ቢመስልም የታሪካችንም ጥያቄ ሆኖ ያውቃል። ምስክሩም አዱሊስ ነው።

አዱሊስ ዛሬ በኤርትራ ምድር፣ ከምፅዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ፍርስራሹ የሚገኝ ጥንታዊ ወደብ ነው። የአክሱም መንግሥት ከዓለም ጋር የሚገናኝበት ደጅ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምእት ዓመት አጋማሽ ላይ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ እንደሆነ ይነግረናል። በወደቡ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ድንጋይና የአውራሪስ ቀንድ ይሸጥ እንደነበረም ይዘረዝራል። የአገሩን ንጉሥ ዞስካሌስን ሲገልጽም፣ ለገንዘብ ሳሳ ያለ ቢሆንም በቀረው ነገር የተከበረና የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ነው ይለዋል። ሥነ ጽሑፍን ለሚወድ አንባቢ ይህች ቃል ብቻዋን ብዙ ታሳስባለች። ያ የግሪክ ትምህርት እስከዚህ ድረስ በምን መጣ? በመርከብ መሆን አለበት። መርከቡስ በምን መጣ? በነፋስ።

የቀይ ባሕር ነፋስ ግን ለሁሉም እኩል ለጋስ አይደለም። በባሕሩ ሰሜናዊ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። አዱሊስ ባለችበት በደቡቡ ክፍል ግን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ በእኛ ክረምት ከሰሜን፣ በበጋው ደግሞ ከባብ ኤል መንደብ በኩል ከደቡብ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ሞንሱን ይገዛል፤ በክረምት ወደ ሕንድ ይገፋል፤ በበጋ ከሕንድ ይመልሳል። ስለዚህ ሕንድ የሚሄድ የግብፅ ነጋዴ በሐምሌ ግድም ይነሣ ነበር። ሲመለስም በታኅሣሥ ወይም በጥር ተነሥቶ እስከ አዱሊስ አካባቢና ከዚያም ጥቂት አልፎ ነፋሱን ከኋላው ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሰሜኑ ነፋስ በሩን ዘግቶ ይጠብቀዋል።

በሸራ የሚሄድ መርከብ በቀጥታ ወደ ነፋሱ አፍ ሊሄድ አይችልም። ሸራው ይርገበገባል፤ መርከቡ ይቆማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ይገፋል። ነገር ግን አፍንጫውን ከነፋሱ መምጫ ጥቂት ዘወር ቢያደርግ ሌላ ነገር ይሆናል። ነፋሱ የተወጠረውን ሸራ ወደ ጎንም ወደ ፊትም ይገፋዋል። በውኃ ውስጥ የሰጠመው የመርከቡ አካል ወደ ጎን መንሸራተቱን በአብዛኛው ስለሚከለክለው የሚተርፈው ወደ ፊት መሄድ ነው። መርከቡ በዚህ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ዞሮ በሌላው ጎኑ ይሄዳል፤ ዳግመኛም ይዞራል። እየተጠማዘዘ፣ በተቃራኒው ነፋስ ኃይል፣ ነፋሱ ወደ ተነሣበት ይደርሳል።

ሂሳብ እንጀራዬ ነውና ዋጋውን ልናገር። ከነፋሱ መምጫ በ60 ዲግሪ ያዘነበለ መርከብ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ነፋሱ ለመጠጋት ሁለት ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። በ45 ዲግሪ መሄድ የሚችል የዛሬ ጀልባ ለዚያችው አንድ ኪሎ ሜትር የሚከፍለው 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግብፅ ጠረፍ በጥንታዊቷ በረኒቄ በተደረገው ቁፋሮ የተገኙት ቅሪቶች እንደሚያስረዱት የዚያ ዘመን መርከቦች አራት ማዕዘን ሸራ ነበራቸው፤ አንዳንዱ ሸራም ከሕንድ ጥጥ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው መርከብ ከ60 ዲግሪ እምብዛም አይጠጋም፤ ማዕበሉ ወደ ጎን የሚወስድበት ሲታከልበት ደግሞ ዕዳው ከእጥፍ ያልፋል።

የግብፅ ገዥዎች ይህን ሂሳብ ከልብ ያውቁት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምእት ዓመት ዳግማዊ በጥሊሞስ ለጦርነት ዝሆን ከእኛ ጠረፍ ያስመጣ ነበር። ዝሆን የተጫነባት ከባድ መርከብ እስከ ስዊዝ ድረስ ከሰሜኑ ነፋስ ጋር እንድትታገል ማድረግ ዝሆኑንም መርከቧንም ማጣት ነው። ስለዚህ በረኒቄን ወደ ደቡብ ርቆ፣ ባዶ በረሃ ላይ መሠረታት። ዝሆኖቹ እዚያ ይወርዱና እስከ ናይል ወንዝ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በኋላ ዘመን ፕሊኒ እንደጻፈው ይህ የበረሃ መንገድ የ12 ቀን ጉዞ ነበር። ንጉሡ ከነፋሱ ጋር ከመጋፋት አሥራ ሁለት ቀን ጥምን መረጠ ማለት ነው።

ለእኛ ግን ከዝሆኖቹ ይልቅ የሁለት ልጆች ታሪክ ይበልጥብናል። በአራተኛው ምእት ዓመት ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ከሕንድ ሲመለስ መርከቡ ውኃና ስንቅ ፈልጎ ወደ ጠረፉ ጎራ አለ። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ይህን ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማው ይናገራል። የጠረፉ ሰዎች በመርከቡ የነበሩትን ገደሉ። ሁለቱን ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ አገኟቸውና ራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ፍሬምናጦስ በኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሆነ። ወደ ሰሜን የሚመለስ መርከብ ጉዞው ረጅም፣ ማረፊያውም ብዙ ነው። እምነታችንን ከቀየሩት ቀኖች አንዱ የውኃ እጥረት የወለደው ቀን ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሁለት ምእት ዓመት ያህል ቆይቶ ዐፄ ካሌብ ነገሠ። በናግራን ስለተገደሉት ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ525 ባሕሩን ተሻግሮ የመንን ድል አደረገ። የናግራን ሰማዕታትን ገድል የያዘው የግሪክኛ ጽሑፍ ንጉሡ 60 ያህል የነጋዴ መርከቦችን ከየወደቡ እንደሰበሰበ፣ በበጋውም ወራት 10 መርከቦችን እንዳሠራ፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላም ጉዞ እንደጀመረ ይተርካል። ወቅቱን ልብ በሉልኝ፤ የሰሜኑ ነፋስ ወደ ደቡቡ ባሕር የሚወርድበት ጊዜ የቀረበበት ነው። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚህ ባሕርና በሕንድ የሚሄዱት መርከቦች በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን መዝግቧል። በገመድ የተሰፋ ሳንቃ ይዞ፣ ቀኑን ቆጥሮ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሻገር፤ እንግዲህ ካሌብ በአውድማው ትክክለኛ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

ይሁን እንጂ ይኸው ፕሮኮፒዮስ ሌላም ነገር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ531 ግድም የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ወደ ካሌብ መልእክተኛ ላከ። ጥያቄው፣ «ሐር ከሕንድ እናንተ ግዙና ለእኛ ሽጡልን፤ እናንተ ትከብራላችሁ፣ እኛም ገንዘባችንን ለጠላታችን ለፋርስ ከመስጠት እንድናለን» የሚል ነበር። ካሌብ ተስፋ ሰጠ፤ ነገሩ ግን አልሆነም። የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ጎረቤት ናቸውና መርከቦቹ መጀመሪያ በሚያርፉባቸው ወደቦች አስቀድመው ቆመው ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። የእኛ ሰዎች ሲደርሱ ገበያው አልቋል።

ይህችን አጭር ወሬ ባነበብኩ ቁጥር እቆዝማለሁ። ካሌብ ወደብ ነበረው። መርከብ ነበረው። ባሕሩን ተሻግሮ ያሸነፈ ሠራዊት ነበረው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ከነፋሱ በላይ አልቆመም። መርከበኞች ከሌላው ይልቅ ወደ ነፋሱ መምጫ የቀረበ ብልጫ አለው ይላሉ፤ ወደፈለገበት መውረድ ይችላልና። ከታች ያለው ግን ለእያንዳንዷ ስንዝር እጥፍ ይከፍላል። በሐሩ ገበያ ከላይ የቆሙት ፋርሶች ነበሩ።

የዚያ ባሕር ነፋስ ዛሬም አልተለወጠም። ጥንት ነጋዴውን ያስለቅስ የነበረው የሰሜን ነፋስ አሁን በግብፅ ጠረፍ በሳፋጋ፣ በሲና ደግሞ በዳሃብ፣ ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱ ስፖርተኞችን ከሩቅ አገር ይጠራል። ስፖርቱን ዊንድሰርፊንግ ይሉታል። ከሰሌዳዎቹ መካከል ለማዕበል የተሠራው አጭር ነው፤ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ከሥሩ ያለው ክንፍም ትንሽ ነው። በማዕበል ላይ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ወደ ነፋሱ መውጣት ግን አይሆንለትም። ማዕበል ጋልቦ የወረደ ሁሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ማዕበል ተመልሶ መውጣት አለበት።

የጀማሪው ስሕተት አንድ ነው ይላሉ፤ ችኮላ። አፍንጫውን ወዲያው ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ሰሌዳው ፍጥነቱን ያጣል፤ ከሥር ያለችው ትንሽ ክንፍ ውኃውን መያዝ ያቅታትና ወደ ታች ይወሰዳል። የሠለጠነው ግን አስቀድሞ ከሚፈልገው አቅጣጫ ጥቂት ርቆ ፍጥነት ያጠራቅማል። ሰሌዳው በውኃው ላይ መንሸራተት ሲጀምር ክብደቱን በሸራው ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን ሊደርስበት ወደሚሻው ቦታ ተክሎ፣ በተረከዙ ቀስ እያለ ወደ ነፋሱ ያስጠጋዋል። መጀመሪያ ፍጥነት፣ ቀጥሎ አቅጣጫ። ከሩቅ የሚያየው ሰው የተሳሳተ መንገድ የያዘ ይመስለዋል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር የላትም። ስለ ባሕር ስንነጋገር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ቍጭት ያለበት ነገር ነውና አይፈረድብንም። እኔ ግን የካሌብን ሐር አስባለሁ። ወደብ የነበረው ንጉሥ ነፋሱን ባለማወቅ አልተረታም፤ ከነፋሱ በላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ስለቆመ ነው የተረታው። ባሕር በእጅ መሆኑ ብቻውን ካልበቃው፣ ባሕር በሌለበትም የሚሠራ ሥራ አለ ማለት ነው፤ ፍጥነት ማጠራቀም፣ ሙያ መያዝ፣ የሚቆሙበትን ቦታ ማጥናት።

ይህን ስጽፍ ከደጅ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ እያንሿሿ ነው። ነፋሱ ዛሬ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወጥቼ አየሁ። ገበሬው አውድማው ላይ ሆኖ መጀመሪያ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ መንሹን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ገለባ ወደ ላይ በትኖ ወዴት እንደሚሄድ ያያል።