ከሙሉው ሥዕል የተቆረጠ፦ የአንዲ ዋርሆል የ1984 ሕትመቶች

ስለ አሜሪካዊው ሠዓሊ ስለ አንዲ ዋርሆል የሚጻፈው አብዛኛው ሐተታ ከ1960ዎቹ አያልፍም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮና የማሪሊን ሞንሮ ፊት ከተወደሱ ወይም ከተነቀፉ በኋላ፣ ሠዓሊው በመጨረሻ ዘመኑ የሠራው ሁሉ ለገበያ የቀረበ ሸቀጥ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ይህን አስተያየት ነው። ጥያቄው ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም ሩቅ አይደለም፤ ቀድሞ የተሠራን ሥራ ወስዶ ሌላ ማድረግ ዝርፊያ ነው ወይስ ንባብ?

ዋርሆል የሕዳሴ ዘመን ሥዕሎችን መነካካት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1963 የሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛ ከፓሪስ ተጉዛ በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ ለሕዝብ በታየችበት ወቅት፣ በአንድ ሸራ ላይ ሠላሳ ጊዜ ደጋግሞ አትሟታል። ርእሱንም «ሠላሳ ከአንድ ይሻላል» አለው። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን በዚያ ሥራ ሞና ሊዛ ከሾርባው ቆርቆሮ ብዙም አትለይም። የተባዛው ዝናዋ እንጂ ሥዕሏ አይደለም።

በ1984 የሠራቸው ሕትመቶች ግን ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ለእነዚህ የመረጣቸው የቦቲቼሊን «የቬነስ ልደት»፣ የሌኦናርዶን «ብሥራት»፣ የፓኦሎ ኡቼሎን «ቅዱስ ጊዮርጊስና ዘንዶው»፣ የፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካን እመቤታችን ከነልጇ ነው። የአሠራሩ ስልት ሲልክ ስክሪን ነው፤ ምስሉ በፎቶግራፍ አማካይነት በተወጠረ ስስ ጨርቅ ላይ ይቀረጽና ቀለሙ በጨርቁ ክፍት ቀዳዳዎች አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ 81 በ112 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዋናው ነገር ግን ስልቱ ሳይሆን መቀሱ ነው። ዋርሆል ሙሉውን ሥዕል አልወሰደም፤ ከእያንዳንዱ አንድ ቅንጣቢ ቆርጦ አጎላ፤ ያንኑ ቅንጣቢ ቀለሙን እየለዋወጠ ደጋግሞ አተመ። የአንድምታ መምህር አንዲት ቃል ነጥሎ «አንድም» እያለ እንደሚያመላልሳት ማለት ይቻላል። ልዩነታቸው መምህሩ በመጨረሻ ወደ ምዕራፉ መመለሱ ነው፤ ዋርሆል አይመለስም።

ከአራቱ በሕዝብ ዘንድ የበለጠ የታወቀው የቬነስ ፊት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ደካማውም እርሱ ነው። ከዛጎሉ፣ ከባሕሩና ከነፋሳቱ ተነጥሎ ፊቱና የሚውለበለበው ፀጉር ብቻ ሲቀር ቬነስ አንዲት የፊልም ተዋናይት ሆና ታርፋለች፤ ይህን ደግሞ ዋርሆል በማሪሊን ሞንሮ አስቀድሞ ነግሮናል።

«ብሥራት» ግን ቆም ብሎ መታየት ያለበት ነው። ሌኦናርዶ ይህን ሥዕል የሠራው በወጣትነቱ፣ በ1472 ገደማ ሲሆን ዛሬ የሚገኘው በፍሎሬንስ፣ በኡፊትሲ ቤተ መዘክር ነው። በስተግራ ቅዱስ ገብርኤል ተንበርክኮ እጁን አንሥቷል፤ በስተቀኝ ድንግል ማርያም ከመጽሐፍ ማንበቢያው ኋላ ተቀምጣለች፤ በመካከላቸው በሩቁ ተራራ ይታያል። ዋርሆል የሁለቱንም ፊት ቆርጦ ጣለ። በግራ ጠርዝ የመልአኩ እጅ፣ በቀኝ ጠርዝ የድንግል እጅ ብቻ ቀሩ፤ የመካከሉን ስፍራ በሙሉ ያ ተራራ ያዘው። ተናጋሪውም ሰሚዋም ከዳር ሲሆኑ የቀረው ቃሉ የሚያልፍበት ስፍራ ነው። ብሥራት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የቃል ታሪክ ነው፤ ተነገረ፣ ተሰማ፣ ሆነ። ሌኦናርዶ ከበስተኋላ ያኖረውን ርቀት ዋርሆል ወደ ፊት አመጣው። ይህን ዝርፊያ ማለት የሚቻል አይመስለኝም።

የኡቼሎው ሥዕል ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ባለው ሥዕል ልጅቱ፣ እኛ ብሩታዊት የምንላት፣ ዘንዶውን በገመድ ይዛ ትታያለች። በሕትመቱ ዓይን የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው፤ ሰማዕቱ የታሪኩ ባለቤት መሆኑ ይቀራል። ከፒዬሮ ሥዕል ደግሞ ከእመቤታችን ራስ በላይ ያለው የዛጎል ቅርጽና ከእርሱ የተንጠለጠለው እንቁላል ዋናውን ስፍራ ይዘዋል።

እንዲህ ያለው ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት የሠዓሊውን አስተዳደግ መዘንጋት ይጠይቃል። ዋርሆል በ1928 በፒትስበርግ ከተማ ከሩሲን ስደተኞች ተወለደ፤ ያደገውም በስመ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በተሠራ የቢዛንታይን ሥርዓት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። በልጅነቱ ረጅም ሰዓት የተመለከተው በመቅደሱ ፊት በረድፍ የቆሙትን ቅዱሳት ሥዕላት ነበር። በአንድ መልክ የተደረደሩ፣ ከፊት ለፊት የሚያዩ፣ አንዱ ከሌላው የሚቀዳ ሥዕላት ናቸው። በዚያ ትውፊት መቅዳት ነውር አይደለም። በእርግጥ ሕትመቶቹ ለሽያጭ የተዘጋጁ ነበሩ፤ ዋርሆልም ገንዘብ እንደሚወድ ሸሽጎ አያውቅም። ይሁን እንጂ የፍሎሬንስ ሠዓሊዎችም ያለ ከፋይ ብሩሽ አያነሡም ነበር።

የጋለሪ ባለቤቱ አሌክሳንደር ዮላስ የሌኦናርዶን «የመጨረሻው እራት» መነሻ ያደረጉ ሥራዎች እንዲሠራ አዘዘው። የታዘዘው ለአንድ ትርኢት ነበር፤ እርሱ ግን ወደ መቶ የሚጠጉ ሥራዎች ሠራ። ለመነሻ የተጠቀመበትም በርካሽ የተባዙ የሥዕሉን ቅጂዎች ነው። ትርኢቱ በጥር 1987 በሚላኖ፣ ዋናው ሥዕል ካለበት ከሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ ተከፈተ። ዋርሆል ለመክፈቻው ሄዶ ተመለሰ፤ በየካቲት 22 ቀን በኒው ዮርክ አረፈ።