ካሳ፦ ከጓዳ እስከ ዙፋን

ካሳ የጉዳት ዋጋ፣ የጠፋ ነገር ምትክ ነው። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የወለደችውን «ካሳ» ስትል ስሙ የኀዘኗ መዝገብ ይሆናል፤ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻም የዚሁ ወገን ናቸው። ይህ የጓዳ ስም ሁለት ጊዜ እስከ ዙፋን ወጥቷል። ከአይከል ማዶ በቋራ የተወለዱት ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተባሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በአይከል በኩል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ጫፍ፣ መተማ ላይ የወደቁት ዐፄ ዮሐንስም በልደት ስማቸው ካሳ ምርጫ ነበሩ። ሁለቱም ስሙን በዘውድ ስም ለወጡት፤ ሕዝቡ ግን አንዱን «መይሳው ካሳ»፣ ሌላውን «አባ በዝብዝ ካሳ» ማለቱን አልተወም። ፎካሪው የቤተ ክህነቱን ስም ትቶ የእናትን ስም መምረጡ ለእኔ ከማናቸውም ዜና መዋዕል ይበልጣል። ስሙም ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሳነሽ እየተባለ በየገበሬው ደጃፍ ይጠራል።