ታላቅና ታናሽ በአንድ ገበታ
ስለ ሕፃናት የገበታ ጨዋታ ታሪክ

ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆች ባሉበት ቤት በደስታ የተጀመረ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በልቅሶ ይፈጸማል። በአገራችን የታወቀው ገበጣ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ገበጣ ዕጣ የለበትም፤ ጠጠሩ በሁሉ ፊት የተቈጠረ፥ ጕድጓዱም የተገለጠ ስለ ሆነ፥ ድል የሚያደርገው አርቆ የቈጠረ ብቻ ነው። ስለዚህ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከአምስት ዓመት ወንድሙ ጋራ ለገበጣ ቢቀመጥ ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ታላቁ ራርቶ ሆን ብሎ የተሸነፈለት እንደ ሆነ ደግሞ ታናሹ ያውቅበታልና፥ ከመሸነፍ ይልቅ መታለሉ ያስቈጣዋል። የጨዋታ ሠሪዎች ይህን ችግር እንዴት እንደ ፈቱት መመርመር የማይናቅ የታሪክ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ዕጣ ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ የዝይ ጨዋታ የሚባል ተነሣ፤ ከ1574 እስከ 1587 ድረስ ቱስካናን የገዛው መስፍን ፍራንቸስኮ ዲ ሜዲቺ ለእስፓኛ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊልጶስ ገጸ በረከት አድርጎ እንደ ሰደደው ይነገራል። በ1597 ደግሞ ጆን ዎልፍ የተባለ ሰው በሎንዶን በአታሚዎች መዝገብ አስጻፈው። ገበታው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ መንገድ ሲሆን 63 ቤቶች አሉት። በ6ኛው ድልድይ፥ በ19ኛው የእንግዳ ማደሪያ፥ በ31ኛው የውሃ ጕድጓድ፥ በ42ኛው መውጫው የሚያደናግር ዙሪያ ጥምጥም፥ በ52ኛው ወኅኒ፥ በ58ኛው ሞት ተሥሎበታል። ሞት ላይ የወደቀ ተጫዋች እንደ ገና ከመነሻው ይጀምራል፤ ከ63 ያለፈም ያለፈውን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። 63 ደግሞ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ነው፤ የቀድሞ ሊቃውንት 63ኛውን ዓመት በሰው ዕድሜ ከሁሉ የሚያሠጋ ዓመት ይሉት ነበርና፥ ቍጥሩ እንዲያው የተመረጠ አይመስልም። ይህ ምሥጢር ለሊቃውንት ይጣፍጥ ይሆናል። ሕፃኑ ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ይኸውም ስድስት ገጽ ያለው የዕጣ አጥንት ሲጣል ታላቅ ወንድሙን ከእርሱ እንዳይለይ ነው።

ነገር ግን የዕጣ አጥንት ስሙ ከጥንት ጀምሮ የከፋ ነበር። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖና በእርሱ ጨዋታ የሚውል ጳጳስ፥ ቄስ ወይም ዲያቆን ይህን ልማድ እንዲተው፥ ባይተው ግን ከሹመቱ እንዲሻር ያዛል። ቍማርተኞች ይዘውት ስለ ኖሩ አጥንቱ በብዙ ቤት የተጠላ ነበር። በ1843 በአሜሪካ በሴለም ከተማ የታተመው፥ ምግባረ ጥሩ የሆነውን ወደ ፊት የሚያራምድ፥ ክፉውን ወደ ኋላ የሚመልስ «የደስታ ቤት» የተባለ ጨዋታ፥ በአጥንት ፈንታ እንደ እንዝርት በጣት የሚሾር ባለ ቍጥር ዕቃ ያዘ። ሥራው ያው ዕጣ ነው፤ የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው።

ከዕጣ ጨዋታዎች ሁሉ ይልቅ ታሪኩ ልብ የሚነካው በ1948 በካሊፎርኒያ፥ በሳን ዲዬጎ ከተማ የተወለደው ነው። በዚያ ዓመት የልጅነት ልምሻ በከተማይቱ በርትቶ ነበር። ኤሌኖር አቦት የተባለች መምህርት በዚሁ ደዌ ተይዛ፥ በሐኪም ቤት ተኝታ ስታገግም፥ በዙሪያዋ የነበሩት ሕመምተኞች አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ዘመን በዚህ ደዌ የተያዘ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት በአልጋ ይቈይ ነበር፤ መተንፈስ ያቃተው በብረት ሳንባ ውስጥ ይኖር ነበር። ፊደል የቈጠረውም ያልቈጠረውም በአንድ ክፍል ተኝተዋል። አቦት ለእነዚህ ልጆች «ካንዲ ላንድ»፥ ማለት የከረሜላ አገር፥ የተባለውን ጨዋታ ሠራች። ተጫዋቹ ካርታ ይመዝዛል፤ በካርታው ላይ ያለውን ቀለም አይቶ፥ በመንገዱ ወደሚቀጥለው ያንኑ ቀለም ወዳለው ቤት ይሄዳል። ማንበብ አያሻም፥ መቍጠርም እምብዛም አያሻም። ሚልተን ብራድሊ የተባለው ኩባንያ በ1949 ለገበያ አወጣው።

ይህን ጨዋታ የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው፤ ነቀፌታቸውም ሐሰት አይደለም። ካርታው አንድ ጊዜ ከተደባለቀ በኋላ ማን እንደሚያሸንፍ ተወስኗል፤ ተጫዋቹ የሚመርጠው አንዳች ነገር የለም። ዐዋቂ ሰው ሦስት ጊዜ ከተጫወተው እንቅልፍ ይወስደዋል። ሆኖም ነቃፊዎቹ ጨዋታው ለማን እንደ ተሠራ ይረሳሉ። እግሩን ማንሣት ያቃተው ልጅ በዚያ ገበታ ላይ መንገደኛ ነበር፤ የአራት ዓመቱም ሕፃን ማንም ሳይራራለት የዘጠኝ ዓመቱን ይቀድም ነበር። በ1952 በአሜሪካ ከ57 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በልምሻ ታመሙ፤ በ1955 የዶክተር ጆናስ ሳልክ ክትባት ተገለጠና እነዚያ የሕሙማን ክፍሎች ቀስ በቀስ ባዶ ሆኑ። ጨዋታው ግን በየቤቱ ቀረ።

ሁለተኛው መፍትሔ ዘግይቶ መጣ፤ እርሱም ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው እንዳይሸናነፉ ማድረግ ነው። ካናዳዊው ጂም ዲኮቭ ከ1972 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ሠራ። ይልቁንም ስሙ የወጣው በ1986 በጀርመን አገር የታተመው፥ አኔሊዘ ፋርካሾቭስኪ የደረሰችው «የፍሬ አትክልት» ነው። አራት ዛፎች እያንዳንዳቸው ዐሥር ፍሬ ይዘው ይቆማሉ፤ ጠላታቸው ቍራ ነው። ዕጣው በቍራ በወጣ ቍጥር ከዘጠኙ የቍራው ሥዕል ቍራጮች አንዱ ይገጠማል፤ ሥዕሉ ከመሙላቱ በፊት ፍሬው ሁሉ ከተለቀመ ልጆቹ በአንድነት ያሸንፋሉ፥ ካልሆነም በአንድነት ይሸነፋሉ። ቀለም በወጣ ጊዜ የዚያ ቀለም ፍሬ ይለቀማል። ቅርጫት በወጣ ጊዜ ግን ተጫዋቹ ከፈለገው ዛፍ ሁለት ፍሬ ይመርጣል፤ ማስተዋል የሚገባው በዚህ ነው፤ ፍሬ ከበዛበት ዛፍ መልቀም ይበልጣልና። የአምስት ዓመቱ ልጅ ፍሬው ያማረለትን ዛፍ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ፥ ታላቁ ወንድሙ ወደ ሞላው ዛፍ ያመለክተዋል።