የተገላቢጦሽ ቮልቴጅና የዲዮድ አመራረጥ ታሪክ

ተለዋዋጭ ጅረትን ወደ ቀጥተኛ ጅረት ስለ መለወጥ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በዲዮድ ውስጥ ስለሚያልፈው ጅረት ነው። ይሁን እንጂ በኃይል ሰጪ መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ ዲዮድን ሲፈትን የኖረው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚያርፍበት ቮልቴጅ ነው።

አራት ዲዮዶችን በድልድይ መልክ የማገናኘት ዘዴ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በካሮል ፖላክና በሌኦ ግሬትስ ሥራ ሲሆን፣ ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ባለ ሁለት ኤሌክትሮድ ቫኩም ቲዩብን የፈጠረው ከዚያ በኋላ በ1904 ነው። ሆኖም በቲዩብ ዘመን ድልድዩ በሬድዮ ሠሪዎች ዘንድ እምብዛም አልተለመደም። ምክንያቱም የድልድዩ ካቶዶች በተለያየ ቮልቴጅ ላይ ስለሚገኙ፣ ለማሞቂያቸው ሦስት የተለያዩ ጥቅልሎች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ መካከሉ ላይ መውጫ ያለው ትራንስፎርመርና አንድ መንታ ቲዩብ ተመረጡ። የዚህ ቁጠባ ዋጋ በእያንዳንዱ ዲዮድ ላይ የሚያርፈው የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ እጥፍ መሆኑ ነው። በየሬድዮኑ የተለመደው 5ዋይ3 ቲዩብ ግን እስከ 1400 ቮልት ይችል ስለነበረ ይህን ዋጋ ማንም አላስተዋለውም።

በ1930ዎቹ የተስፋፋው ሴሌኒየም አንዱ ሳህን የሚችለው በሃያዎቹ የሚቆጠር ቮልት ብቻ ስለነበረ፣ ሳህኖቹ እንደ እንጀራ ተነባብረው ይሠሩ ነበር። በጎነቱ ትንሽ ቀዳዳ ቢፈጠርበት የቀለጠው ሴሌኒየም መልሶ የሚደፍነው መሆኑ ነው። (ሲቃጠል የሚያወጣውን ክፉ ሽታ ያሸተተ ባለሙያ ግን ይህን በጎነት ለማመስገን አይቸኩልም።)

ራስል ኦል በ1940 በቤል ላቦራቶሪዎች የደረሰበት የሲሊከን መጋጠሚያ በ1950ዎቹ ወደ ኃይል ሥራ ሲገባ ይህ ይቅር ባይነት ቀረ። ተራው የሲሊከን ዲዮድ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቮልቴጅ ሲያርፍበት በቅጽበት ይበሳል፤ የተበሳውም ዲዮድ እንደ ሽቦ ሆኖ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ማጣሪያው ካፓሲተር ይለቀዋል።

የቲዩብ ሬድዮ ሲጠገን ሒሳቡ ወለል ብሎ ይታያል። ከመካከሉ በየጎኑ 350 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ጫፉ 495 ቮልት ነው። አንዱ ጎን ካፓሲተሩን እስከዚህ ሲሞላ ሌላው ጎን በዚያው መጠን ከዜሮ በታች ይወርዳልና፣ በተዘጋው ዲዮድ ላይ 990 ቮልት ያርፋል። ከ50 ቮልት በሚጀምረው የ1ኤን4001 ቤተሰብ ውስጥ የመጨረሻው 1ኤን4007 የሚችለው 1000 ቮልት ነው። በወረቀት ላይ በቂ ይመስላል። የመብራቱ ኃይል በመቶ 10 ከፍ ካለ ግን 990ው 1089 ይሆናል። ስለሆነም በየጎኑ ሁለት ዲዮዶች በተከታታይ ይገባሉ፤ ቮልቴጁም እኩል እንዲካፈልላቸው በእያንዳንዱ ጎን ለጎን ትልቅ ሬዚስተር ይታሰራል። አዲስ ትራንስፎርመር የሚያስጠቀልል መሐንዲስ ግን ሲሊከን ማሞቂያ ስለማይፈልግ ወደ ድልድዩ ይመለሳል፤ ለዚያው የ495 ቮልት ጫፍ የ1000 ቮልቱ ዲዮድ እጥፍ መተማመኛ ይሆነዋል።