ሸክላ የሚያሳድዱ ዕድሜ ጠገብ ጠመንጃዎች



ለማስተዛዘን በድንኳን ስንቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ድሮ ዕቃ ማምራቱ የተለመደ ነው። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተኮሱበት ውጅግራ የተነሣ እንደሆነማ፣ «የዛሬ ብረትም ብረት ነው እንዴ?» የማይል ሽማግሌ አይገኝም። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለመመርመር ፈልገን፣ ጠመንጃ ያለ ዕረፍት የሚተኮስበትን አንድ የአሜሪካኖች ስፖርት መርጠናል።

ስፖርቱ ትራፕ ይባላል። ጠመንጃው ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ የሚረጨው ሾትጋን ነው። ቀድሞ ከሣጥን በሚለቀቅ እውነተኛ ርግብ ላይ ይተኮስ ነበር፤ ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው እ.ኤ.አ. በ1880 የሸክላ ዒላማ ፈልስፎ ካስመዘገበ ወዲህ ግን ርግቢቱ ዐረፈች። በአንድ ዙር 25 ዒላማ ይወረወራል። እስቲ እናስላው፦ በሳምንት 200 ጥይት የሚተኩስ ሰው በዓመት ከ10,000 በላይ፣ በ20 ዓመት ደግሞ ከ200,000 በላይ ይተኩሳል ማለት ነው። ለቆቅና ለጅግራ የሚወጣ አዳኝ ዕድሜ ልኩን ይህን አይደርስበትም። እንግዲህ የጠመንጃ ጽናት የሚፈተነው እዚህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሜዳ ስሙ የገነነው ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው ሞዴል 12 ነው። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላና ወደ ፊት በመሳብ ይጎርሳል። አካሉ ከተቀጠቀጠ አረብ ብረት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ነገር ግን ምስጢሩ የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ሠሪዎቹ ዕቃው አንድ ቀን እንደሚበላ አስቀድመው ዐውቀውታል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጥርስ ያላት አንዲት ቀለበት አለች፤ መጋጠሚያው ሲላላ ቀለበቲቱን በአንድ ጥርስ ማዞር ነው፣ ጠመንጃው እንደገና ጥብቅ ይላል። ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ይህ ብልሃት ቶሎ ይገባዋል።

ባለ ሁለት አፈሙዞቹም የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ኤል ሲ ስሚዝ የተባለው መቆለፊያው ሲበላ ይበልጥ እየገባ ራሱን ያጠብቃል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውንና ከእርሱ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1931 ለገበያ የቀረበውን ባለ ድርብርብ አፈሙዝ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የመክፈቻውን ምላስ ያያል። አዲስ ሳለ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ትቆማለች፤ ብዙ ሲተኮስበት ወደ መሐል ትመጣለች፤ መሐሉን አልፋ ወደ ግራ ከሄደች ዋጋ መከራከር ነው። የበቅሎን ዕድሜ በጥርሷ እንደማወቅ ያለ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚበረክት ዕቃ ለምን ቀረ? ዋጋው ነዋ! ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1950 ሞዴል 870ን ሲያወጣ አንዳንዱን የውስጥ ክፍል ከላሜራ እየቆረጠ በርካሽ ሠራው። ሞዴል 12 ግን ብዙ የማሽንና የእጅ ሥራ ይበላ ስለነበር፣ ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ከተሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 መደበኛ ምርቱ ቆመ። እውነቱን ለመናገር 870ም የዋዛ አይደለም፤ በትራፕ ሜዳ ብዙ ዘመን ያገለገለ ነውና የሽማግሌዎቻችን አባባል እዚህ ላይ ትንሽ ይነቀነቃል።

ይበልጥ የሚነቀነቀው ግን በጥይቱ በኩል ነው፤ ይህም የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ስለሆነ በጥሞና ይነበብልን። በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ብዙ ጠመንጃዎች የብረትና የአረብ ብረት ዘንግ አብሮ ተገምዶ፣ በእሳት ተበይዶ የተሠራ «የደማስቆ» አፈሙዝ አላቸው። መልኩ እንደ ጥልፍ ያምራል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የተለኩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ዝገትም በብየዳው ውስጥ ተሸሽጎ ሊበላው ይችላል፤ ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ሌላም አለ። ብዙ የቆዩ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች የጥይት ጎሬያቸው 65 ሚሊሜትር ነው። የዛሬው ጥይት በብዛት 70 ነው፤ ልኩ የሚነገረው ግን ተተኩሶ አፉ ከተዘረጋ በኋላ ስለሆነ፣ ሳይተኮስ አጠር ብሎ ሰተት ብሎ ይገባል። ሰውየው ልኩ ነው ብሎ ቃታ ይስባል። ያኔ ቀለሁ ሲዘረጋ መንገዱን ያጠብበታል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ስለዚህ የሟች አባት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የተገኘ እንደሆነ፣ ምንም እንኳ ሕጋዊ ፈቃድ ቢኖረው፣ ዐዋቂ የጠመንጃ ሠሪ ጎሬውን ለክቶ አፈሙዙን ሳይመረምር ጥይት የሚባል ነገር አይቅረበው።

ስለ ሰደፉም አንድ ቃል እንጨምር። እንጨቱን የሚያደክመው ምቱ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ ደግነት ጭምር ነው፤ ዘይት በላይ በላዩ የሚያጠጣው ሰው ብዙ ነው። አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ የቆመ ጠመንጃ ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ሰደፉ ከብረቱ በሚጋጠምበት በኩል እየገባ እንጨቱን ያለሰልሰዋል፣ ኋላም ይሰነጥቀዋል። ነገሩን የሚያውቁ ተኳሾች ዘይት ከቀቡ በኋላ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ጨርቅ ላይ ያቆሙታል።